ማሳው፣ እጁና ጓዳው፦ ያረጀ ቀይ ቡርጎኝ ሲወዳደር የሚወዳደረው ምንድን ነው?

ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ የወይን ክልል፣ ጌቭሬ-ሻምበርታን ከተባለው መንደር ጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ በድንጋይ የታጠረ አንድ የወይን ማሳ አለ። ስሙ ክሎ ሳን-ዣክ ነው። ስፋቱ 6.7 ሄክታር ብቻ ሲሆን ባለቤቶቹ አምስት ናቸው፦ አርማን ሩሶ፣ ሲልቪ ኤስሞናን፣ ፉሪዬ፣ ብሩኖ ክሌርና ሉዊ ዣዶ። የየአንዳንዱ ድርሻ ከተዳፋቱ አናት እስከ ግርጌው እንደ ጥለት ጎን ለጎን የወረደ ነው። ስለዚህ አንዱ የላይኛውን ጭንጫ፣ ሌላው የታችኛውን ሸክላ ወሰደ ማለት አይቻልም፤ ሁሉም ከሁሉም አፈር ደርሶታል። ፀሐዩና ዝናቡ አንድ ነው። የወይኑ ዘርም አንድ ነው፤ ፒኖ ኗር።

ሆኖም የአንድ ዓመት አዝመራ የሆኑት አምስቱ ጠርሙሶች ሃያ ዓመት ቆይተው ጎን ለጎን ሲከፈቱ ከአንድ አጥር የወጡ አይመስሉም። የሩሶው ለስላሳ ነው፣ ከአዲስ በርሜል የመጣ ጣፋጭ መዓዛም አለው። ማሳው በሕግ ሁለተኛ ደረጃ ቢሆንም ቤቱ ከበርካታ አንደኛ ደረጃ ወይኖቹ አስበልጦ ይዞታል፤ በዋጋም ያስበልጠዋል። ፉሪዬ አዲስ በርሜል የሚጠቀመው ከአምስት አንድ ያህል ስለሆነ ፍሬው ገና ትናንት የተለቀመ ይመስላል። ኤስሞናን ዘለላውን ከነዘንጉ ስለምታብላላው የቅመምና የደረቀ ቅጠል ሽታ ጎልቶ ይወጣል። ዣዶ ጭማቂውን ከቆዳው ጋር ረዘም አድርጎ ስለሚያቆየው ወይኑ በወጣትነቱ ጠጣር ነው፤ የሚለዝበውም ዘግይቶ ነው።

የቡርጎኝ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ጠርሙሱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማሳው ስም ነው፤ ገዢውም ገንዘቡን የሚቆጥረው ለዚያ ስም ነው። ብርጭቆው ውስጥ የሚገባው ግን ማሳው ብቻውን አይደለም። የአምራቹ እጅ፣ የዓመቱ አየር፣ ጠርሙሱ የኖረበት ጓዳ አብረው ይቀዳሉ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ በጨረታው ገበያ ረገብ ቢልም የታወቁት ስሞች አሁንም ለብዙ ሰው የማይቀመሱ ናቸው። ያረጀ ጠርሙስን ካረጀ ጠርሙስ ጋር አስተያይቶ የመፍረድ ዕድል ያለው ሰው እያነሰ ሄደ፤ ፍርዱ ግን በዛ። ሁለት ዝነኛ ማሳዎችን አንስቶ «ሻምበርታን ከሙዚኒ ይበልጣል» የሚል ሰው አራቱን ነገሮች ሳይነጣጥል ከሆነ የፈረደው፣ ምናልባት ያወዳደረው ሁለት መጋዘኖችን ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ሲያሳስት

ለረጅም ዕድሜ የሚበቃው ቀይ ቡርጎኝ በአብዛኛው የሚመጣው ኮት ዶር ከሚባለውና ከዲዦን ደቡብ ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚዘረጋው ጠባብ ተዳፋት ነው። ሰሜኑ ኮት ደ ኑዊ፣ ደቡቡ ኮት ደ ቦን ይባላል። ደረጃው አራት ነው፦ ከታች ክልላዊው ቡርጎኝ፣ ቀጥሎ የመንደር ወይን፣ ከዚያ ፕረሚዬ ክሩ፣ ከሁሉ በላይ ግራን ክሩ። ግራን ክሩ የሚባሉት ነጭና ቀዩ ተደምረው 33 ናቸው፤ ከክልሉ ምርት 1 በመቶ ገደማ ነው የሚይዙት።

ጀማሪውን ቶሎ የምታሳስተው ትንሿ ሰረዝ ናት። በ1847 ጌቭሬ የተባለው መንደር ከማሳዎቹ ሁሉ የከበረውን የሻምበርታንን ስም በራሱ ስም ላይ ቀጠለ። በ1878 ሻምቦል ሙዚኒን ጨመረ፤ ቮን የተባለው መንደርም ከዚያ ቀደም ብሎ ሮማኔን ወስዶ ነበር። ስለዚህ «ጌቭሬ-ሻምበርታን» የሚል ጠርሙስ የመንደር ወይን ነው። «ሻምበርታን» ብቻ የሚለው ግን 13 ሄክታር ከማይሞላ ማሳ የወጣ ግራን ክሩ ነው። «ሻርም-ሻምበርታን» ደግሞ ሌላ ግራን ክሩ። የመንደሩ ወይንና ግራን ክሩው ከአንድ አምራች ጓዳ ቢወጡ እንኳ ዋጋቸው አሥር እጥፍ ሊራራቅ ይችላል፤ ይህን ሳያውቁ ለመንደር ወይን የግራን ክሩ ዋጋ የከፈሉ ጥቂት አይደሉም።

ሌላው ወጥመድ የባለቤቱ ብዛት ነው። እነዚህን ማሳዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለሟቸው ገዳማት ነበሩ። የፈረንሳይ አብዮት የቤተ ክርስቲያንን መሬት ወርሶ ሸጠው፤ የ1804ቱ የናፖሊዮን ሕግ ደግሞ ልጆች ሁሉ እኩል እንዲወርሱ አደረገ። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ሲቆራረስ ምን እንደሚመስል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ክሎ ደ ቩዦ የሲስተርሲያን መነኮሳት ያጠሩት የ50 ሄክታር ማሳ ነው፤ ዛሬ 80 ገደማ ባለቤቶች አሉት። ላይኛው ክፍል፣ ከሙዚኒ ማሳ ግርጌ ያለው፣ ጠጠራማና ውኃ የማይቋጥር ነው። የታችኛው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ያለው፣ ከዝናብ በኋላ እግር የሚይዝ ከባድ ሸክላ ነው። ጠርሙሱ ላይ ግን ሁሉም እኩል «ክሎ ደ ቩዦ፣ ግራን ክሩ» ነው። ታችኛው ሁልጊዜ ይበለጣል ማለትም አይደለም፤ እንደ 2003 ባለ የድርቅ ዓመት ላይኛው ተክል በውኃ ጥም ሲቆም ሸክላው ያቆየውን እርጥበት ያጠጣል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው በሞሬ-ሳን-ደኒ መንደር ያለው ክሎ ደ ታር ነው። 7.5 ሄክታር ነው፤ ሴት መነኮሳት ከገዙት ከ1141 ጀምሮ ባለቤቱ የተቀያየረው ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ተከፋፍሎም አያውቅም። በ2017 የባለሀብቱ የፍራንሷ ፒኖ ቤተሰብ ኩባንያ አርቴሚስ ገዛው። እንዲህ ያለ ያልተከፈለ ማሳ ለማወዳደር ይመቻል፤ ማሳውና አምራቹ አንድ ስለሆኑ ግን የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት አይቻልም።

አንድ እጅ፣ ብዙ ማሳ

የአፈርን ድርሻ ማየት የፈለገ ሰው አምራቹን አንድ አድርጎ ማሳውን መቀያየር አለበት። ከሁሉ የጠራው ምሳሌ ቮን-ሮማኔ ያለው ዶሜን ደ ላ ሮማኔ-ኮንቲ ነው። 1.81 ሄክታር የሆነው ሮማኔ-ኮንቲና 6.06 ሄክታር የሆነው ላ ታሽ የብቻው ናቸው፤ ከሪሽቡር፣ ከሮማኔ-ሳን-ቪቫን፣ ከግራን-ኤሼዞና ከኤሼዞም ድርሻ አለው። ለቀማው፣ ማብላያው፣ በርሜሉ በሁሉም ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ የአንድ ዓመት ወይኖቹ ሲደረደሩ የሚታየው ልዩነት በዋናነት የቦታ ነው። ኤሼዞ ቀድሞ ይከፈታል። ላ ታሽ በኃይልና በቅመም ይመጣል፤ አፍንጫ ላይ ራሱን የሚያሳውቅ ነው። ሮማኔ-ኮንቲ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ሲቀርብ ዝምተኛ ይመስላል፤ የሚናገረው ብርጭቆ ውስጥ ቆይቶ ነው። በዋጋው ልክ አልጮኸልኝም ብሎ ቅር የሚለው ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ግራን ክሩዎቹ የተኮለኮሉት ከተዳፋቱ ወገብ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ250 እስከ 300 ሜትር ገደማ ነው። ምክንያቱ ተራ የእርሻ ነገር ነው። ከአናቱ ላይ አፈሩ ስስ ስለሆነ ተክሉ ይራባል፤ ነፋሱም ያበርደዋል። ከግርጌው ዝናብ አጥቦ ያወረደው አፈር ይከመራል፤ ተክሉ ቅጠል ያበዛል፣ ፍሬው በውኃ ያብጣል፣ ሌሊት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም እዚያ ተኝቶ በፀደይ ውርጭ ያመጣል። ወገቡ ላይ የኖራ ድንጋዩ ትርፉን ውኃ ያሳልፋል፤ በመሐሉ ያለው ሸክላ ለበጋ የሚበቃውን ይይዛል፤ ወደ ምሥራቅ የዞረው ፊት የጠዋቱን ፀሐይ ይቀበላል።

ከመንደር መንደር ያለው ልዩነት ሃያ ዓመት ሲሞላ ይበልጥ ይጎላል እንጂ አይጠፋም። የሻምቦል አፈር ስስና ኖራ የበዛበት ነው፤ ወይኑ ገላው ቀጭን፣ መዓዛው ረጅም ነው። ከ11 ሄክታር ለጥቂት የሚያንሰው ሙዚኒ የዚህ ጫፍ ሲሆን ከ7 ሄክታር በላይ የሚሆነው የአንድ ቤት፣ የኮንት ደ ቮግዌ ነው፤ ያረጀ ሙዚኒ ቀመስኩ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቀመሰው ደ ቮግዌን ነው። ጌቭሬ ሸክላው ጠንከር ይላል፤ ወይኑ አጥንት አለው። ደቡብ ወርደን ፖማር ብንደርስ ሩዥያን የተባለው ማሳ ስሙ ራሱ ከቅላት የመጣ ነው፤ ብረት ያለበት ቀይ አፈር ነው፣ ወይኑም ምላስ የሚይዝ። አጠገቡ ያለው ቮልኔ ግን ሐር ነው። ሁለቱም መንደሮች አንድም ግራን ክሩ የላቸውም። በእኛ ግምት ግን ዛሬ በሚከፈለው ገንዘብ ልክ ያረጀ ወይን የሚሰጠው ቮልኔ ነው፦ የማርኪ ደንዠርቪል ክሎ ዴ ዱክ፣ 2.15 ሄክታር የብቻ ማሳ፣ ወይም የላፋርዥ ቤት ወይኖች። ሠላሳ ዓመት የሞላው ጥሩ ቮልኔ አጠገቡ ካለ ብዙ ክሎ ደ ቩዦ ሳይሸማቀቅ ይቆማል።

እጁ ምን ያደርጋል

ትልቁ ክርክር የዘንጉ ነው። ዘለላውን ከነዘንጉ ወደ ማብላያው የሚከቱ አሉ፤ ሮማኔ-ኮንቲ፣ ለሩዋ፣ ዱዣክ ከዚህ ወገን ናቸው። ፍሬውን ከዘንጉ ነጥለው የሚያብላሉም አሉ፤ የዚህ ወገን አባት ኦንሪ ዣዬ (1922–2006) ነበር። ዘንግ ሲገባ መብላላቱ ዝግ ይላል፤ ዘንጉ ጥቂት ቀለም ይመጥጣል፣ የራሱን ታኒን፣ ማለትም ምላስ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይጨምራል፣ የሻይ ቅጠልና የጽጌረዳ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። ዘንጉ ሳይበስል ከገባ ግን ምሬቱ አረንጓዴ ነው፤ ይሄ ደግሞ በዕድሜ አይለቅም። ዣዬ ፍሬውን ሙሉ በሙሉ ነጥሎ፣ መብላላት ከመጀመሩ በፊት ለቀናት አቀዝቅዞ ያቆየውና በአዲስ በርሜል ያሳድገው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራሱ መልሶ የተከለው ክሮ ፓራንቱ 1 ሄክታር ያህል የሆነ ፕረሚዬ ክሩ ነው። የእሱ ጠርሙሶች ግን ዛሬ በጨረታ ከአብዛኞቹ ግራን ክሩዎች በላይ ይሸጣሉ። ማሳው ያው ማሳ ነው፤ ዋጋውን ያናረው እጁ ነው።

በርሜሉ 228 ሊትር ይይዛል፤ 300 ጠርሙስ ይወጣዋል። አዲስ በርሜል ለወጣት ወይን የቫኒላና የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ይሰጣል። ወይኑ ገላ ካለው በአሥር ዓመት ውስጥ ይውጠዋል። ስስ ከሆነ ግን ፍሬው ሲሄድ እንጨቱ ይቀራል። በ1990ዎቹ ለነጥብ ሰጪዎች ሲባል በበርሜል የተጫኑ ብዙ ወይኖች ዛሬ ሲከፈቱ ደረቅ ጣውላ የሚሸቱት በዚህ ነው።

የአምራቹ ስም ብቻውን መተማመኛ የማይሆንበት ዘመንም አለ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ማሳዎቹ ላይ የፖታሲየም ማዳበሪያ በብዛት ይደፋ ነበር፤ ፖታሲየሙ ወደ ፍሬው ሲገባ የጭማቂውን ኮምጣጣነት ያወርዳል። ብዙ የሚያፈራ ተክልም ተመረጠ። የቀነሰው ኃይል በስኳር ይሞላ ነበር፤ በሊትር 17 ግራም ስኳር ሲጨመር አልኮሉ በአንድ በመቶ ይነሳል። በዚያ ዘመን የወጣ፣ ከጥሩዎቹ ዓመታት ውጪ ያለ ጠርሙስ ትልቅ ስም ይዞ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ወደ ኋላ፣ ከ1930ዎቹ በፊት፣ አብዛኛው ገበሬ ወይኑን በበርሜል ለነጋዴ ይሸጥ ነበር እንጂ ራሱ አይሞላም። ነጋዴው በደቡብ ወይን ሲያወፍረውስ ማን ያያል?

ዕድሜና ዓመት

ፒኖ ኗር ሲወለድም ቀለሙ ስስ ነው። ሲያረጅ ቀለም ሰጪው ንጥረ ነገር ከታኒን ጋር ተያይዞ ይከብድና ይዘቅጣል፤ ጠርዙ የጡብ ቀለም ይይዛል። ስለዚህ ፈዘዝ ያለ አሮጌ ቡርጎኝ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ቀለሙ እንደ ሻይ ሆኖ መዓዛው ቤቱን የሚሞላ አለ። የሚያሳስበው የቀለሙ መሳሳት ሳይሆን መደፍረሱና ወደ ቡናማ መሄዱ ነው።

መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ፍሬው ይታያል፤ ከዚያ ወይኑ ይዘጋል፤ ሽታ የለውም፣ አፍ ላይ ታኒኑና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይሰማል። የመንደር ወይን ከ6 እስከ 12፣ ፕረሚዬ ክሩ ከ10 እስከ 20፣ ግራን ክሩ ከ15 እስከ 30 ዓመት ላይ ይከፈታል፤ ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። 2005 ለምሳሌ ተዘግቶ በመቆየት ብዙ ሰው አስመርሯል። 1988 ታኒኑ ከፍሬው በልጦ ጥቂቱ ብቻ ነው የለዘበው። 1996 ኮምጣጣነቱ ስለታም ነው፤ በአንዳንዶቹ ዛሬም አልተፈታም። 1993 ሲወጣ ተንቆ ዛሬ ከሚገርሙት አንዱ ሆኗል። 1978፣ 1985፣ 1990፣ 1999 እና 2002 ደግሞ በደንብ የተያዘ ጠርሙስ ከተገኘ ብዙም የማያሳፍሩ ናቸው። 2010ን የሚያክል ሚዛኑን የጠበቀ ዓመት በቅርቡ አልመጣም።

አሁን ያለው ጥያቄ ከ2015 ወዲህ ያሉት ሞቃታማ ዓመታት እንዲህ ያረጃሉ ወይ የሚለው ነው። ቦን ከተማ ውስጥ ለቀማ የተጀመረባቸው ቀናት ከ1354 ጀምሮ ተመዝግበው ይገኛሉ። በ2019 የታተመው ጥናት እንዳሳየው እስከ 1987 ለቀማው በአማካይ በሴፕቴምበር 28 ገደማ ይጀመር ነበር፤ ከ1988 ወዲህ 13 ቀን ያህል ቀድሟል። በ2003፣ በ2020 እና በ2022 በኦገስት ተለቅሟል። ድሮ ስኳር ተጨምሮበት 13 በመቶ የሚደርሰው ወይን ዛሬ ያለ ስኳር 14 በመቶን ያልፋል። የአልኮሉ መጨመር ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው አብሮት የሚወርደው ኮምጣጣነት ነው፤ ወይኑን ሠላሳ ዓመት የሚያቆመው እሱ ነውና።

አምራቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቀድመው ይለቅማሉ፣ አዲስ በርሜል ይቀንሳሉ፣ በዣዬ ዘመን ዘንግ ይጥሉ የነበሩት ዛሬ ዘንግ ይጨምራሉ፤ ጣዕሙን ያነቃዋልና። እዚህ ላይ ግን አንድ ተቃርኖ አለ። ዘንግ ፖታሲየም ስለሚለቅ ኮምጣጣነቱን ይበልጥ ያወርዳል። አፍ ላይ የነቃ የሚመስለው ወይን በመለኪያ ሲታይ የላላ ነው። የ2003 ጠርሙሶች የሚያስተምሩን አለ፤ ብዙዎቹ እንደ ተቀቀለ ፕሪም ሆነው ቶሎ አረጁ፣ አንዳንዶቹ ግን ከተጠበቀው በላይ ቆሙ። የ2018ና የ2020 ግራን ክሩ ላይ አሁን በእርግጠኝነት የሚፈርድ ሰው ካለ ፍርዱን ሳይሆን ሒሳቡን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ነገር አለው።

ጠርሙሱ የት ነበር?

ሁለት ጠርሙሶች ከአንድ በርሜል በአንድ ቀን ተሞልተው፣ አንዱ 12 ዲግሪ በሆነ ምድር ቤት፣ ሌላው በበጋ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሱቅ ሃያ ዓመት ቢቀመጡ፣ ሲከፈቱ ዝምድናቸው አይታወቅም። ለመግዛት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚታየው ከቡሹ በታች ያለው ክፍት ቦታ ነው፤ በቡርጎኝ ጠርሙስ በሴንቲሜትር ይለካል። ለ30 ዓመት ወይን 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ያለ ነው። 5 ሲሆን ዋጋው ላይ መደራደር፣ 7 ካለፈ መተው ይሻላል። ቡሹ ከጠርሙሱ አፍ በላይ ገፍቶ ከወጣ ሙቀት ነክቶታል፤ በሽፋኑ ዙሪያ የደረቀ ወይን ካለ ፈስሷል።

ከዚያ የሚመጣው እውነተኛነቱ ነው። ሮማኔ-ኮንቲ በ1945 የሰጠው 600 ጠርሙስ ገደማ ነበር፤ ከዚያ አዝመራ በኋላ ያረጁት ተክሎች ተነቀሉ፤ ማሳው ዳግመኛ ወይን የሰጠው በ1952 ነው። ስለዚህ የ1947 ወይም የ1949 ሮማኔ-ኮንቲ አለኝ የሚል ሻጭ ጠርሙሱን ማየት ሳያስፈልግ መልስ ያገኛል። ከ1945ቱ አንዱ በኦክቶበር 2018 ኒው ዮርክ ላይ 558,000 ዶላር ተሸጧል፤ እንዲህ ያለ ገንዘብ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። በኤፕሪል 2008 እዚያው ኒው ዮርክ ለጨረታ ከቀረቡት መካከል ከ1945 እስከ 1971 የተባሉ የፖንሶ ቤት ክሎ ሳን-ደኒ ጠርሙሶች ነበሩ። ሎራን ፖንሶ ራሱ ተሳፍሮ ሄዶ አስቆማቸው፤ ቤተሰቡ ያንን ወይን መሥራት የጀመረው በ1982 ነበርና። ጠርሙሶቹን ያመጣው ሩዲ ኩርኒያዋን በ2012 ተይዞ በ2014 የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከእሱ እጅ ወጥተው ገና ያልተያዙ ጠርሙሶች ዛሬም በሰው ጓዳ አሉ፤ ያንን ቀምሶ ስለ ማሳ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው ስለ ኩርኒያዋን ማድቤት ነው።

ማወዳደሩ በተግባር

አንድ ነገር ብቻ ይቀያየር። አምራቹን ለማየት ከሆነ ማሳውና ዓመቱ አንድ ይሁን፤ ማሳውን ለማየት ከሆነ አምራቹና ዓመቱ። በአንድ መቀመጫ ከስድስት ጠርሙስ በላይ ምላስ አይለይም። 75 ሳንቲሊትሩ ለአሥር ሰው በ7 ሳንቲሊትር ሲከፈል 5 ከታች ይቀራል። ያ የቀረው አተላ ነው፤ እንደ ጠላ አተላ አይወፍርም፣ እንደ ዱቄት የላመ ነው፣ አንዴ ከተነሳ ግን ሙሉውን ጠርሙስ መራራ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠርሙሱ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀጥ ብሎ ይቁም። ከአውሮፓ ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ከሆነ ሁለት ቀን አይበቃውም፤ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ይረፍ።

ቡሹ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በተለመደው ጠመዝማዛ መክፈቻ መሐሉ ይፈርሳል፤ ሁለት ስስ ምላስ ያለውና በቡሹ ዳርና ዳር የሚገባው መክፈቻ ይሻላል። ምላሶቹ እየተወዛወዙ ቀስ ብለው ይገባሉ፣ እየተጠመዘዙ ይወጣሉ፤ ቁልቁል ከተገፉ ቡሹ ጠርሙስ ውስጥ ይወድቃል። ከአንገቱ ሥር መብራት ተደርጎ በአንድ ትንፋሽ ይቀዳ፤ ጠርሙሱን እያቀኑ መልሶ መቅዳት አተላውን ያነሳዋል። በሰፊ ዕቃ ገልብጦ ለሰዓታት ማናፈስ ለወጣት ወይን ነው፤ የአርባ ዓመት ወይን አፍንጫው በዚያ መሐል ያልቃል። ሙቀቱ 15 ወይም 16 ዲግሪ፣ ብርጭቆው ሆደ ሰፊ ይሁን።

ሽታው ወዲያው ሲከፈት ካላማረ አይደፋ። ይፃፍ፣ በ30 ደቂቃና በአንድ ሰዓት ተኩል እንደገና ይሽተት። የታፈነ ክፍል ዓይነት ሽታ በአየር ይለቃል። የረጠበ ካርቶን ሽታ ግን የቡሽ በሽታ ነው፤ ሲቆይ ይብሳል። የወይኑ ቅደም ተከተልም ያከራክራል፤ የተለመደው ከወጣት ወደ አሮጌ ነው፣ እኛ ግን አሮጌውን እናስቀድማለን፤ የወጣቱ ታኒን ምላስ ከያዘ በኋላ ስሱ አይሰማም። ምግቡ ዶሮ ወጥ ከሆነ ጠርሙሱን አለመክፈት ነው። በርበሬ ሠላሳ ዓመት የቆየን መዓዛ በአንድ ጉርሻ ያጠፋዋል፤ የተጠበሰ ዶሮ ወይም ለስለስ ያለ የበግ አልጫ ይስማማዋል።

ጠርሙሶቹ በጨርቅ ከመሸፈናቸው በፊት አንድ ሰው የየአንዳንዱን ክፍት ቦታ በሴንቲሜትር ለክቶ፣ ከማን እንደተገዛ ጽፎ ወረቀቱን ያጥፍ። ጨርቁ ሲነሳ ነጥቡ መጀመሪያ የሚተያየው ከማሳው ስም ጋር ሳይሆን ከዚያ ወረቀት ጋር ነው። የመጨረሻ የወጣው ጠርሙስ 5 ሴንቲሜትር የጎደለው ሆኖ ከተገኘ ማሳውም አምራቹም ገና አልተቀመሱም፤ ከሌላ ጓዳ ሌላ ጠርሙስ እስኪመጣ ቦታው ባዶ ይቀመጥ።